ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የጂአይኤስ አገልግሎት ልንጀምር ነው፤ ምን ይቅደም?

ከመደርደሪያው ጀርባ (ጅማ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ጅማ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። እስከ ዛሬ ሥራዬ መጽሐፍ መመዝገብ፣ ማዋስና ያልመለሰውን ማሳደድ ነበር። ዘንድሮ አለቃዬ ምድር ቤት ያለችውን ክፍል ቁልፍ ሰጡኝና "የጂአይኤስ አገልግሎት አስጀምሪባት" አሉኝ። ጂአይኤስ ማለት ካርታና የቦታ መረጃ በኮምፒውተር መሥራት ነው። ክፍሏ ድሮ ጋዜጣ የሚከማችባት ናት። መስኮትና ሶኬት አላት። ከዚያ በላይ አታስጎመጅም።

በእጄ ያለው ይኸው ነው። ስምንት ጊጋ ራም ያላቸው ጥቂት ዴስክቶፖች፣ አንድ ኤ3 ስካነር፣ አንድ ትልቅ የብረት ቁም ሣጥን። ሣጥኑ በሰፋፊ መሳቢያዎች የተሞላ ነው፤ ውስጡ የድሮ ባለ 1፡50,000 ካርታዎች ተኝተዋል። ኢንተርኔቱ ጠዋት ደህና ነው። ከምሳ በኋላ ግቢው ሁሉ ሲገባበት ግን አንድ ፋይል እስኪወርድ አቦሉን ጨርሰሽ በረካ ላይ ትደርሻለሽ። እኔ ራሴ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ አጭር ሥልጠና ወስጃለሁ። መክፈት፣ ቀለም መስጠት፣ አሳምሮ ማተም እችላለሁ። ባለሙያ ነኝ ብዬ ግን አልኩራራም።

ክፍሏ በወጉ ሳትከፈት ወሬው ተሰማና ሰው መምጣት ጀመረ። ማን እንደሚመጣ ልንገራችሁ፤ ጥያቄዬ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አብዛኛው የሚፈልገው ተማሪው "ስተዲ ኤሪያ ማፕ" የሚላትን ናት። የማስተርስ ቴሲስ ውስጥ የምትገባዋ፤ ኢትዮጵያ በግራ፣ ኦሮሚያ መሐል፣ ወረዳው በቀኝ፣ የሰሜን ቀስት ከላይ። "እህት፣ አድቫይዘሬ ዛሬ አስገባ ብሎኛል፣ ቶሎ ትሠሪልኛለሽ?" ይለኛል። እምቢ ካልኩት ወደ በሩ ይወጣና ኮፒ ቤት ከፍሎ ያሠራል። የሚሠሩለት ልጆች ጎበዞች ናቸው። ተማሪው ግን ዲፌንስ ላይ "ይህ ድንበር ከየት መጣ?" ሲባል ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

ሌላው የጤና ተማሪ ነው። ግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ወባ ያጠናል፣ ቤት ለቤት የሰበሰበውን የጂፒኤስ ነጥብ በፍላሽ ይዞ ይመጣል። የግብርናዎቹ ደግሞ "ጌራ ላይ ጫካው ስንት ቀነሰ?" ብለው የሳተላይት ምስል ይጠይቁኛል። አንድ ቀን ጭራሽ ተማሪ ያልሆኑ፣ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር ሰዎች መጡ። የገበሬዎቻቸው ማሳ ያለበትን ኤክሴል አሳዩኝ። ነጥቦቹን ካርታ ላይ ባወጣናቸው ጅማ የሉም። አልጄሪያ ናቸው! አናባ የሚባል ከተማ አጠገብ፣ ከባሕሩ ዳር። ሰዎቹም እኔም ሳቅን፤ ግን መፍትሔውን አልነገርኳቸውም፣ ምክንያቱም አላውቀውም።

እንግዲህ እርዱኝ። አለቃዬና አይቲ ክፍላችን ያለችው ትንሽ በጀት በሙሉ አርክጂአይኤስ ለሚባለው የሚከፈልበት ፕሮግራም ፈቃድ ትዋል ይላሉ። ልቤ አልተቀበለውም፤ ግን በምን ልከራከር? ደግሞስ ካርታውን እየሠራሁ ልስጣቸው ወይስ ላስተምራቸው? ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉትንስ ምን ላድርጋቸው? አንዱ "አቧራ ናቸው፣ ክፍሉን ለኮምፒውተር አስለቅቂ" ብሎኛል። እኔ እሱን ከማስለቅቅ ራሴ ብለቅ ይሻለኛል።

—

ካርታ አንባቢ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ዕድሜዬን በካርታ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ረዘም ቢልብሽ ታገሺኝ። የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ከአልጄሪያው ልጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው። ጅማ በግምት 7.67 ሰሜን፣ 36.83 ምሥራቅ ላይ ናት። ሁለቱን ቁጥር አገላብጠሽ 36.83 ሰሜን፣ 7.67 ምሥራቅ ብትዪው አናባ አጠገብ ትወድቂያለሽ። ኤክሴሉ ላይ የኬክሮስና የኬንትሮሱ ዓምድ ተቀያይሯል ማለት ነው። ስታስገቢ ኤክሱ ኬንትሮስ፣ ዋዩ ኬክሮስ መሆኑን ካየሽ ቡናው አገሩ ይገባል። ሌላም የተለመደ አለ። 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃን 7.40 ብለው ይጽፉታል። 7.67 ነው እንጂ። በዚህ ብቻ ነጥቡ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ያውም አልጄሪያ ስላልሄደ ማንም አያስተውለውም። እኔ ይኼኛው ነው የሚያስፈራኝ።

ወደ በጀቱ። አርክጂአይኤስ መጥፎ አይደለም። ግቢያችሁ ውስጥ ቀድሞ ፈቃድ የገዛ ክፍል ካለ ተጠቀሙበት። ግን ለአንቺ ክፍል ኪውጂአይኤስ ይበቃል። ነፃ ነው፣ 8 ጊጋ ራም ላይ ይሠራል፣ ተማሪው ተመርቆ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲመደብም አብሮት ይሄዳል። "ረጅም ድጋፍ ያለው" የሚባለውን እትም አንዴ አውርደሽ አስቀምጪና በፍላሽ አድዪ። አዲስ በወጣ ቁጥር አትሩጪ።

ገንዘቡን ትልቅ ሃርድ ዲስክ ግዢበት። ሁለት። አንዱ መጠባበቂያ ነው። ዩፒኤስም ጨምሪ።

ለምን መሰለሽ? ላንድሳት የሚባሉት ሳተላይቶች የሚያነሡት አንድ ምስል ወደ 185 በ180 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ጅማን የሚይዘው መስመር 169፣ ረድፍ 55 የሚባለው ነው። አንዱ ምስል ተጨምቆ እንኳ ወደ አንድ ጊጋ ይጠጋል። አሁን በየሰሚስተሩ ስንቱ የግብርና ተማሪ ያንኑ ምስል ከሰዓት በኋላ ለየራሱ እንደሚያወርድ አስቢው። አንቺ አንድ ጠዋት አውርደሽ ብታስቀምጪ ሁሉም ከአንድ ፎልደር ይቀዳል። ኢንተርኔታችሁም ይተነፍሳል።

ምርጫው ላይ ግን ተጠንቀቂ። የታኅሣሥ፣ የጥርና የየካቲት ምስል ያዢ፤ በክረምት ጅማን ከላይ ያየ ደመና እንጂ መሬት አያይም። ላንድሳት ከ1972 ጀምሮ አለ፤ ከ2008 ወዲህ ማኅደሩ በነፃ ነው። ባለ 30 ሜትሩ (አንዷ የምስል ነጥብ መሬት ላይ 30 ሜትር የሆነችበት) የሚጀምረው በ1980ዎቹ ነው። ላንድሳት 7 ከግንቦት 2003 በኋላ መሣሪያው ስለተበላሸ ምስሉ ዥንጉርጉር መስመር አለው፣ ለጀማሪ አትስጪ። ከ2015 ወዲህ ላለው ሴንቲኔል 2 የሚባለው ሳተላይት ይሻላል፤ ባለ 10 ሜትር ነው። ለከፍታ በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር የተለካውን ኤስአርቲኤም፣ ለዝናብ ከ1981 የሚጀምረውን ቺርፕስ፣ ለመንገድ ኦፕንስትሪትማፕን ጨምሪ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ አንዲት ገጽ ጽሑፍ ይኑር። ከየት ወረደ፣ መቼ ተነሣ፣ ማን ሠራው፣ በምን ፕሮጀክሽን (ክቡ ምድር ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በተዘረጋበት ስሌት) ነው፣ እንዴት ይጠቀሳል። ይህን የጂአይኤስ ባለሙያ አይሠራውም። እኔም ሠርቼው አላውቅም፣ ሁላችንም "በኋላ" እንላለን። አንቺ ግን መጽሐፍ ስትመዘግቢ የኖርሽ ሰው ነሽ፤ ጸሐፊው ማን፣ እትሙ ስንተኛ፣ የታተመው የት እያልሽ። ይኸው ነው። ክፍሉን ለአይቲ ሳይሆን ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መስጠታቸው ልክ ነው የምለው ለዚህ ነው። ያ "ድንበሩ ከየት መጣ?" ተብሎ ጣሪያ ያየው ልጅም መልሱን የሚያገኘው ከዚያች ገጽ ላይ ነው።

ድንበር ካልን፣ ብዙ ተማሪ የሚዞርበት ሼፕፋይል (የድንበር መስመሮቹን የያዘው የካርታ ፋይል) ከ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ የተረፈ ነው። ክልሎቹ ዘጠኝ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሲዳማ በ2020፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021፣ ማዕከላዊና ደቡብ ኢትዮጵያ በ2023 ክልል ሆነዋል። እናንተ ጎረቤት ናችሁ፤ ከፋና ዳውሮ ዛሬ ደቡብ ምዕራብ ውስጥ፣ የም ደግሞ ማዕከላዊ ውስጥ ነው። በአሮጌው ፋይል የጅማን ካርታ የሠራ ሰው ጎረቤቶቹን ሁሉ "ደቡብ" ብሎ ያስገባቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ እርዳታ ማስተባበሪያ በየጊዜው የሚያድሰው የድንበር ፋይል አለ፣ እሱን አውርጂ። አሮጌውንም አትጣዪው። የ2007 ቆጠራ ቁጥር የሚሠራ ሰው የሚያስፈልገው እሱ ነው። ስሙ ላይ ዓመቱን ብቻ ጻፊበት።

ስለ ወረቀት ካርታዎቹ ማታ እመለሳለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካቸው!

—

ፎቶ ኮፒ ቤት (ጅማ)

እኔ እንግዲህ በሩ ላይ ካሉት አንዱ ነኝ። ጎበዝ ስላልሽን እናመሰግናለን ሃሃ።

ጂኦግራፊ ተመርቄ ሥራ ሳጣ የከፈትኩት ቤት ነው። ስተዲ ኤሪያ ማፕ ዳቦዬ ነው፣ አልዋሽም። ግን እንጀራዬን የምትነጥቂኝ መስሎሽ እንዳትሳቀቂ። ተማሪው የሚመጣው ማስገቢያው ቀን ዋዜማ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ያኔ አንቺ ቤትሽ ነሽ።

የማየውን ልንገርሽ። ልጁ የሚያመጣው የወረዳ ስም ብቻ ነው። የወረዳው ስም ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መከራ ነው። ጎማ አንዱ ፋይል ላይ በአንድ ኤም፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤም ነው። ሊሙም እንደዚያው። ሴካ ጮቆርሳን ስንት ዓይነት አድርገው እንደሚጽፉት ቆጥሬ አልጨርስም። የጤና ጣቢያውን ሠንጠረዥ ከካርታው ጋር ላጋባ ስል ግማሹ ባዶ ይቀራል፤ ልጁ "ዳታ የለም" ብሎ ሊጽፍ ነው። ዳታው አለ፣ ስሙ ነው ያልተገናኘው። ስለዚህ በስም ሳይሆን ፒ ኮድ በሚባለው መለያ ቁጥር ማጋባት አስተምሪያቸው። የጅማ ዞን ወረዳዎችን ስም ከነሁሉ አጻጻፉ ከኮዱ ጋር ይዞ የተዘጋጀ አንድ ሠንጠረዥ ብታስቀምጪ እኔ ራሴ መጥቼ እቀዳለሁ።

"ልሥራ ወይስ ላስተምር" ላልሽው፣ አንዲት ሕግ አለችኝ፤ ማውሱን አትንኪ። ልጁ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ አንቺ ቁሚ፣ በአፍሽ ብቻ ምሪው። እኔ ቤት ቸኩዬ ስለምሠራ ይህን አላደርግም፣ ሂሳቤ በሰዓት ነው። አንቺ ግን ደሞዝተኛ ነሽ። ባዶ ቴምፕሌት አዘጋጂ፤ ሦስቱ ሳጥን፣ ቀስቱ፣ መግለጫው ተቀምጦ። ልጁ ወረዳውን ብቻ ይቀይር።

እና እባክሽ "1፡250,000" ብለው በቁጥር ብቻ መጻፉን አስቁሚያቸው። ዎርድ ውስጥ ገብተው ምስሉን በጥጉ ሲጎትቱት ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። የመስመር ሚዛኑ ግን አብሮ ያድጋል፣ አብሮ ያንሳል።

—

ተጠራጣሪ (ሐዋሳ)

ይቅርታ ግን ይህ የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ሥራ አይደለም? ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን ያውስ። ሁሉም ሁሉን ልሥራ ሲል ነው አገሩ የተዘበራረቀው።

—

ከመደርደሪያው ጀርባ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ቅር አላሰኘኝም፤ እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ግን የትምህርት ክፍል ላብራቶሪ የክፍሉ ተማሪ ክፍለ ጊዜ ሲኖረው ይከፈታል፣ ሲያልቅ ይቆለፋል። ወባ የሚያጠናው የጤና ልጅ እዚያ በር ላይ ማን ብሎ ይግባ? የሲቪል ምሕንድስናዋስ፣ የአወይቱን ወንዝ ጎርፍ የምታሰላው? ከሁሉም ክፍል የሚመጣ ሰው መታወቂያውን አሳይቶ የሚገባበት ቤት አንድ ነው። ደግሞ ሰው እኛ ጋ ሲመጣ "አላውቅም" ብሎ ለመጠየቅ አያፍርም። አስተማሪው ፊት ያፍራል።

ጋሼ ካርታ አንባቢ፣ ያክብርልኝ። ያችን አንዲት ገጽ ያሉኝን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ዛሬውኑ ፎርሙን ሠራሁት፤ የመጽሐፍ ካርዳችንን ነው ያሻሻልኩት። "ጸሐፊ" የሚለው ላይ "ያመነጨው ተቋም"፣ "እትም" የሚለው ላይ "የተነሣበት ቀን"፣ ከታች "ፕሮጀክሽን" ጨመርኩ። አለቃዬ አይተው "ይህማ ካታሎግ ነው" አሉ። አዎ፣ ካታሎግ ነው! ዲስኩን ፈቅደዋል። የአርክጂአይኤሱ ፈቃድ ለሚመጣው ዓመት ይታይ ተብሏል፤ ያው "ይታይ" ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ፎቶ ኮፒ ቤት፣ "ማውሱን አትንኪ" የምትለዋን በትልቁ አትሜ ግድግዳው ላይ ለጥፌያታለሁ። ከባድ ናት ግን። ልጁ ተሳስቶ ሌየሩን ሲያጠፋው እጄን ያሳክከኛል። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የማወራው።

—

የጎማ ቡና (አጋሮ)

የኅብረት ሥራዎቹ ነገር ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም የምሠራው እዚያው ነው።

ነጥብ ይዘው የሚዞሩት በቀልድ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ እዚያ የሚገባ ቡና ከየትኛው መሬት እንደተለቀመ በኬክሮስና በኬንትሮስ ይጠይቃል። ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ይፈልጋል። መሬቱ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በፖሊጎን ይሣላል፤ ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል። እኛ ጋ 4 ሄክታር ቡና ያለው ገበሬ ስንት ነው? አብዛኛው በነጥብ ያልፋል። ይህን ሳያውቁ ለእያንዳንዱ ጓሮ ዙሪያውን ልዙር ብለው ወጣቱን የሚያደክሙ አሉ።

ስድስተኛው አሃዝ መሬት ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስልካችን ደግሞ ዋንዛና ብሳና ጥላ ሥር ቆሞ በሜትሮች ይስታል። እና የአሃዙ ብዛት ትክክለኛነት አይደለም። ልጆቹን የምንላቸው ስልኩን እንደከፈታችሁ አትመዝግቡ፣ ቆም በሉ፣ የስህተቱ ቁጥር እስኪወርድ ጠብቁ፣ ዛፉ ከሳሳበት ቦታ ያዙ ነው።

እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን ሌላ ነው። ደንቡ በፈረንጆቹ ከታኅሣሥ (ዲሴምበር) 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና አይግባ ይላል። የኛ ቡና ደግሞ ከዛፍ ሥር ነው የሚያድገው። ሳተላይቱ ከላይ የሚያየው የዛፉን አናት ነው፤ ከሥሩ ያለውን ቡና አያይም። ስለዚህ የ2020 የደን ካርታ ላይ የአባቶቻችን የቡና ማሳ "ደን" ተብሎ ይቀመጣል። ነገ ገበሬው "ይህ የቡና ማሳዬ ነው" ብሎ ነጥቡን ሲሰጥ፣ ካርታው ብቻውን የሚያነብ ሰው ደን መንጥሮ ቡና የተከለ ያስመስለዋል። ደንቡ ራሱ የእርሻ መሬትን፣ ከዛፍ ጋር የተቀላቀለውንም ጭምር፣ ደን አይለውም። ግን ይህን የሚያስረዳ ማስረጃ ማን ይዟል?

እህቴ፣ የድሮ ምስሎችና የመሬት ላይ ፎቶዎች ከነቀናቸው አንቺ ጋ ቢቀመጡ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። "ጫካው ስንት ቀነሰ" ብለው የሚመጡትን ተማሪዎችም ንገሪያቸው። ጌራና በለጠ ላይ በሳተላይት ብቻ "ደን" ብለው ቀለም የቀቡት ስንቱ ቡና እንደሆነ ሄደው ሳያዩ አይጻፉ። ከቢሮ ሆኖ የተሠራ የደን ካርታ እኛ ገበሬ ፊት ይዘን አንቀርብም።

ተማሪ ያልሆነ ሰውም ይገባል ወይ ግን? መታወቂያ ስትዪ ደነገጥኩ።

—

የጤና መምህር (ጅማ)

አጭር ነገር ልጨምር፣ የጤና ተማሪዎቹን ስላነሣሽ።

ቤት ለቤት የተሰበሰበው ነጥብ ዲስኩ ላይ ከሌላው ጋር እንዳይቀመጥ። የታመመ ሰው ቤት በኬክሮስና በኬንትሮስ ሲጻፍ ስሙ የተጻፈ ያህል ነው። ገጠር ውስጥ አንድ ቤት ላይ ነጥብ ካየሽ የማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ለወባው "ምን ችግር አለው" የሚል አይጠፋም፤ ነገ ያው ልጅ የቲቢና የኤችአይቪ ይዞ ይመጣል። ለቴሲሱ በቀበሌ ደረጃ ተደምሮ ይውጣ። ዋናው ነጥብ ተቆልፎ አጥኚው ጋ ይቀመጥ።

በነገራችን ላይ የአገር አቀፉን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የጂፒኤስ ፋይል የሚጠቀሙ ልጆች "ነጥቡ ግድቡ ውሃ መሐል ወደቀ፣ ዳታው ተበላሽቷል" እያሉ ይመጡብሽ ይሆናል። አልተበላሸም። ሰው እንዳይታወቅ ሆን ተብሎ የከተማው እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ የገጠሩ እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከገጠሩ ከመቶ አንዱ ደግሞ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይገፋል። ስለዚህ በዚያ ነጥብ "ከጤና ጣቢያው 800 ሜትር ይርቃሉ" ብሎ መደምደም አይቻልም። ይህን ያልተገነዘበ ስንት ጽሑፍ ገምግሜ መልሻለሁ።

—

ካርታ አንባቢ

ማታ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፣ መብራት ሄዶብኝ ዛሬ ሆነ።

የወረቀት ካርታዎቹ። ጅማንና ዙሪያዋን የያዙት ቁጥራቸው በ0736 ይጀምራል። እነሱን አስቀድሚ። አንዱ ሉህ በየጎኑ 15 ደቂቃ ነው፤ ሥዕሉ 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ኤ3 ስካነርሽ ላይ ባንዴ አይገባም፤ ግን ለአራት ብትከፍይው ይገባል። ልብ በዪ፣ አትቁረጪው! አገላብጠሽ አራት ጊዜ ስካን አድርጊው ነው የምልሽ። አራቱን በፎቶሾፕ ለመስፋት አትድከሚ። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ በየ2 ሴንቲ ሜትሩ የአንድ ኪሎ ሜትር መስመር አለ። ለየብቻ መስመሮቹ በሚገናኙበት ላይ እየነካሽ ቦታቸውን ስጫቸው፤ ኪውጂአይኤስ ውስጥ ራሳቸው ይገጣጠማሉ። በ300 ዲፒአይ ከሆነ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 4 ሜትር ገደማ ናት፣ ይበቃል። ኅዳጉን አትርሺ። የአየር ፎቶው የተነሣበትና ካርታው የታተመበት ዓመት የሚጻፈው እዚያ ነው፤ ካርድሽ ላይ የሚገባውም እሱ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። የድሮዎቹ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ (ቦታ በሚለካበት የምድር ልክ) ነው። ጂፒኤስ የሚሰጥሽ ደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱም ዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ በሜትር የሚለካው ሥርዓት) ዞን 37 ስለሚባሉ ተማሪው አንድ ይመስሉታል። ቁጥራቸው ግን ይለያል፤ ኢፒኤስጂ በሚባለው መለያ አዲንዳኑ 20137፣ ሌላው 32637 ነው። ካላስተካከልሽው ሁሉም ነገር ከ200 ሜትር በላይ ይገፋል። ወንዙ ኮረብታው ላይ ይወጣል። ስካን ያደረግሽውን ሲያስገቡ 20137 ብለው ይጀምሩ፤ ቀሪውን ፕሮግራሙ ይቀይራል። ወደ ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ የሚያጠና ሰው ካለ ደግሞ ዞኑ 36 ነው፣ 37 አይደለም።

"አቧራ ነው" ላለሽ ሰው ይህን በዪው። ግልገል ጊቤ ሥራ የጀመረው በ2004 ነው። ከዚያ በፊት የታተመ ሉህ ካለሽ ዛሬ ውሃ የተኛበት ሸለቆ፣ መንገዱ፣ መንደሩ፣ መሻገሪያው ሁሉ ስሙ ተጽፎ አለ። የባለ 30 ሜትር ላንድሳት የመንደር ስም አይነግርም። ኢንተርኔት ላይ ግን ዝም ብለሽ አትልቀቂው፤ የካርታው ባለቤት መንግሥት ነውና በደብዳቤ ጠይቂ። ክፍልሽ ውስጥ ማሳየት ሌላ ነው።

—

ከመደርደሪያው ጀርባ

ገለቶማ፣ ሁላችሁንም።

ትናንት መሳቢያውን ከፍቼ 0736 የሚሉትን ለየሁ። አንዱ ላይ የሻይ ስኒ ያረፈበት ክብ አለ፤ ማን እንደሆነ ባገኘው! የግልገል ጊቤውን ሉህ አወጣሁና ለአለቃዬ አሳየኋቸው። ቆመው ረጅም ሰዓት የመንደር ስም ሲያነቡ ነበር። ክፍል የማስለቀቁ ወሬ ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

የጎማ ቡና፣ የውጭ ሰው በደብዳቤ እንዲገባ አስፈቅጃለሁ። የኅብረት ሥራው ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት ይበቃል። የምስሎቹን ቀን በካርዱ እይዛለሁ፤ የመሬት ላይ ፎቶ ግን ከእናንተ ነው የሚመጣው፣ ቀኑና ቦታው የተጻፈበት ይሁን።

የጤና መምህር፣ የቤት ነጥብ የሚያመጣ ሰው በራሱ ፍላሽ እንዲሠራ፣ ሲወጣም ኮምፒውተሩ ላይ ምንም እንዳይተው በር ላይ ጽፌያለሁ። ነጥቡ ሆን ተብሎ ስለመገፋቱ የጻፉትንም አትሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ።

አሁን የቀረኝ ሰው ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የስተዲ ኤሪያ ማፕ ትምህርት ላስጀምር ነው፤ ቴምፕሌቱንና የፒ ኮድ ሠንጠረዡን ይዤ። ብቻዬን ግን አልችለውም። ፎቶ ኮፒ ቤት፣ መጥተህ አብረኸኝ ብታስተምርስ? አበል ትንሽ አለች። ሐሙስ አስቤያለሁ።

—

ፎቶ ኮፒ ቤት

መምጣቱን እመጣለሁ፣ አበሉንም አልጠላም። ሐሙስ ግን አይሆንም፣ የሂርማታ ገበያ ነው፤ ገጠሬው ሁሉ ኮፒ ሊያደርግ የሚገባው ያን ቀን ነው። ረቡዕ አድርጊው። ቴምፕሌቱን ቀድመሽ ላኪልኝና የሰሜን ቀስቱን ልይልሽ፤ ያቺ አበባ የመሰለችው ከሆነች መጀመሪያ እሷን ነው የምናነሣው።